ለደረቅ የብርድ ወቅት የሚሆን የወለል እንጨት አመራረጥ

ክረምት የሚለው ቃል ለአገር ቤት ሰው ዝናብን፣ ጭቃንና አብጦ አልከፈት የሚል የእንጨት በርን ያስታውሳል። በሚኒሶታና በኮሎራዶ ግን የብርዱ ወራት ለእንጨት የድርቅ ወራት ናቸው። በሚኒያፖሊስ ወይም በዴንቨር ዙሪያ ቤት ገዝተው ምንጣፉን አንስተው እንጨት ለማስነጠፍ የሚያስቡ ወገኖቻችን፣ ሱቅ ከመግባታቸው በፊት ይህን ልዩነት ቢረዱ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሥራ በመጀመሪያው ጥር አይበላሽባቸውም።

ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር በአንድ ሜትር ኪዩብ ሊሸከም የሚችለው የውሃ ተን ከ2 ግራም ብዙም አይበልጥም። ይኸው አየር ቤት ገብቶ 21 ዲግሪ ሲሞቅ 18 ግራም ያህል የመያዝ አቅም ስለሚኖረው፣ የቤቱ አንጻራዊ እርጥበት፣ ማለትም አየሩ ሊሸከም ከሚችለው ውሃ በእርግጥ የያዘው ድርሻ፣ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል፤ አየሩም የጎደለውን ውሃ ከከንፈራችንም ከወለላችንም ይመጥጣል። አንጻራዊ እርጥበቱ 50 በመቶ በሆነ ቤት ውስጥ ያለ እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 9 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ግን በእንጨቱ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ከ5 በመቶ ያነሰ ነው። ጣውላው በዚህ ጊዜ በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚኮማተረው በወርዱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። በርካሽ የሚገኝ የአየር እርጥበት መለኪያ ገዝተው ሳሎን ውስጥ ያስቀምጡና በጥርና በሐምሌ የሚያሳየውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ ወለሉን የሚጎዳው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነውና። ሚኒያፖሊስ በጋዋ ወበቃም ስለሆነ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ዴንቨር ዓመቱን ሙሉ ደረቅ በመሆኗ፣ እንጨቱ ከመነጠፉ በፊት ከአካባቢው ድርቀት ጋር በደንብ ከተስማማ ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሰው በመጠኑ ነው። ሆኖም በዴንቨር በበጋ በውሃ ትነት የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ የሚጠቀም ቤት አየሩን ስለሚያረጥብ ልዩነቱን ራሱ ያሰፋዋል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ከእንጨቱ ዓይነት በፊት ወርዱን እንዲያዩ አጥብቄ እመክራለሁ። 5 ኢንች ወይም 127 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው የተለመደ የቀይ ኦክ ጣውላ የያዘው ውሃ ከ9 ወደ 5 በመቶ ሲወርድ 1.9 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል፤ ይህም የአሜሪካ ባለ 25 ሳንቲም ገንዘብ በቁሙ የሚገባበት ክፍተት ነው። 2.25 ኢንች ወርድ ያለው ጣውላ በዚያው ሁኔታ የሚጠበው 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰፊ ጣውላ ዛሬ በጣም ይወደዳል፤ እርጥበቱ በማይጠበቅበት ቤት ግን ጠባቡ የበለጠ ያምራል፣ ምክንያቱም ክፍተቱ በብዙ መጋጠሚያዎች ላይ ስለሚከፋፈል ዓይን አይስብም።

ሰፊውን የግድ የሚፈልግ ሰው አሰነጣጠቁን ይጠይቅ። የጣውላውን ጫፍ ሲመለከቱ የዕድሜ ቀለበቶቹ ቆመው የሚታዩበት፣ በንግዱ ኳርተር ሶን የሚባለው፣ ቀለበቶቹ ከተጋደሙበት ከተለመደው ፕሌይን ሶን ጋር ሲነጻጸር እንቅስቃሴው ከግማሽ በታች ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ እኔ ግን የሚገባው ዋጋ ነው እላለሁ። ከዓይነቶቹ ዋልነት ከኦክ ያነሰ ይንቀሳቀሳል፤ ሂኮሪ ጥንካሬው የታወቀ ቢሆንም ከኦክ የበለጠ ስለሚኮማተር ለደረቅ ቤት በሰፊ ወርድ አልመርጠውም። ጥንካሬና አለመንቀሳቀስ የተለያዩ ባሕርያት መሆናቸውን ብዙ ሻጭ ለይቶ አይናገርም።

ሌላው አማራጭ ስስ ንጣፎች በመስቀልኛ ተጣብቀው ከላይ እውነተኛ እንጨት የለበሱበት፣ ኢንጅነርድ የሚባለው ነው። በወርዱ ብዙ ስለማይኮማተር ወለሉ ሥር ማሞቂያ ላለበት ቤትም የተሻለ ነው። ነገር ግን በከባድ ድርቀት የላይኛው ልብሱ በጥቃቅኑ ሊሰነጣጠቅ ይችላል፤ በተለይ እንደ ወረቀት ተልጦ የወጣ ልብስ በመጋዝ ከተሰነጠቀው ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ልብሱ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደፊት ተልጎ እንደገና ቫርኒሽ ሊቀባ ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት የዋስትናውን ወረቀት ያንብቡ፤ ብዙ አምራቾች የቤቱ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ካልተጠበቀ ዋስትናውን አይቀበሉም።

እንጨቱ ሲመጣ፣ ማሞቂያው ቢያንስ ለ5 ቀናት በሠራበት ቤት ውስጥ ይረፍ። የዕረፍቱን ማብቂያ የሚወስነው ግን የእንጨት እርጥበት መለኪያ ነው፤ አናጺው አዲሱንም ጣውላ ከሥሩ ያለውንም እንጨት ይለካ። ጣውላው 3 ኢንችና ከዚያ በላይ ከሆነ የሁለቱ ልዩነት ከ2 በመቶ ነጥብ ሊበልጥ አይገባም፤ ከዚያ ለጠበበው እስከ 4 ይፈቀዳል። ሳይለካ ልጀምር የሚልዎትን ሰው አያሠሩ።

ከማሞቂያው ጋር የሚገጠም የአየር እርጥበት መስጫ ቢያስገቡ ወለሉም ጤናዎም ይጠቀማል፤ ብርዱ ሲበረታ መስኮቱ ላይ ውሃ ከተንጠለጠለ ግን መጠኑን ይቀንሱ፣ አለበለዚያ የመስኮቱ ክፈፍ ይበሰብሳል። በጥር የሚታዩ ቀጫጭን ክፍተቶችን በመሙያ አያስደፍኑ፤ እንጨቱ በበጋ ሲያብጥ መሙያውን ገፍቶ ያወጣዋልና። እስከ ሐምሌ ይጠብቁ፤ ያኔም ያልተዘጋ ክፍተት ካለ አናጺውን ይጥሩ።