ጽጌረዳው የት ላይ ሞቀ? የቅዝቃዜ መዝገብን በብሎክቼይን መያዝ

አንድ ጊዜ ሆላንድ የላክነው ጽጌረዳ ሲደርስ ግማሹ ሻግቶ ነበር። እኛ በ3 ዲግሪ አስረክበናል አልን። አጓጓዡም በቅዝቃዜው አስረክቤያለሁ አለ። ሦስት ወረቀት፣ ሦስት የተለያየ ቁጥር። ኪሳራው እኛ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሙቀት መዝገቡን የምንይዘው በብሎክቼይን ነው፤ ቅጂው በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ፣ የተጻፈው በድብቅ የማይቀየር መዝገብ ማለት ነው። መጀመር ለምትፈልጉ አሠራራችን ይኸው።

መጀመሪያ ሎገሩን፣ ማለትም ከአበባው ጋር ሄዶ ሙቀቱን የሚመዘግበውን ትንሽ መሣሪያ፣ ፈትሹ። ብሎክቼይን የተጻፈው እንዳይሰረዝ ይጠብቃል እንጂ እውነት ይሁን ውሸት አያውቅም። የተሳሳተ ቁጥር ካስገባችሁ ስህተቱን ጠብቆ ያቆይላችኋል። ሎገሩን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶና ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ አቆዩት። ወደ ዜሮ ካልወረደ አትላኩት። ከዚያ ካርቶኑ መሃል፣ ግንዶቹ መካከል ክተቱት። መኪናው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሚለካው አየሩን ነው፤ አበባው ግን ውስጥ ለውስጥ ሊሞቅ ይችላል።

ዋናው ሥራ ርክክብ ላይ ነው። ከእርሻ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቦሌ ካርጎ፣ ከዚያ አውሮፕላን፣ ቤልጂየም ሊዬዥ ሲወርድ ደግሞ ሆላንድ ወዳለው የአልስሜር አበባ ጨረታ የሚወስደው መኪና። በየቦታው ሰጪና ተቀባይ ኪውአር ኮዱን በስልክ ያነባሉ። ሎገሩ እስከዚያች ሰዓት የመዘገበውን በብሉቱዝ ይሰጣቸዋል። ሁለቱም በየራሳቸው ዲጂታል ቁልፍ፣ ማለትም በየግላቸው በያዙት የምስጢር ኮድ፣ ይፈርማሉ። አንዱ ብቻ ከፈረመ ርክክብ የለም። አየር ማረፊያ ላይ የሚፈርመው የዕቃ አስተላላፊው ወኪል ነው። ፓሌቱ አውሮፕላን ሥር ፀሐይ ላይ የሚቆምባትን ሰዓት በተለይ ያዙልኝ፤ ብዙ አበባ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ሙሉውን የሙቀት ፋይል ሰንሰለቱ (ብሎክቼይኑ) ላይ አትጫኑ፤ ይከብዳል። ፋይሉ ተራ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። ሰንሰለቱ ላይ የሚገባው አሻራው፣ ሃሽ የሚሉት፣ ከፋይሉ ተሰልቶ የሚወጣ አጭር ኮድ ነው። ፋይሉ ውስጥ 9ን 4 ብሎ የቀየረ ሰው ካለ አሻራው ጨርሶ ሌላ ይሆናል።

ከባዱ ሰው ማስማማት ነው። የመርከብ ድርጅቱ ማርስክና የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2018 ያስጀመሩት፣ የመርከብ ጭነትን በብሎክቼይን የሚመዘግበው ትሬድሌንስ እንኳ ዘርፉ በሙሉ ስላልተባበረው እንደሚዘጋ እ.ኤ.አ. በ2022 ተነግሮ፣ በ2023 ተዘግቷል። ስለዚህ በአንድ መስመርና በሦስት ሰው ጀምሩ፦ እርሻው፣ አጓጓዡ፣ ገዢው። ሦስቱም የመዝገቡን ቅጂ በየራሳቸው ሰርቨር ይያዙ። ቅጂው እኛ ጋ ብቻ ከሆነ ገዢው ምን ብሎ ያምነናል?

ውሉ ላይም ስንት ዲግሪ ለስንት ደቂቃ ካለፈ ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ጻፉ። እኛ የተስማማነው ከ8 ዲግሪ በላይ ለ30 ደቂቃ ከቆየ፣ በዚያ ሰዓት ተረክቦ የፈረመው እንዲከፍል ነው።