አረፋው የጠፋበት ቢራ፦ ነጥብ ከመቀነሳችሁ በፊት ብርጭቆውን ጠርጥሩ

ቢራ እየቀመስኩ ነጥብ የምመዘግብበት ደብተር አለኝ። በቀይ የሰረዝኳቸው ነጥቦች ብዙ ናቸው፤ ጥፋተኛው ቢራው ሳይሆን ሌላ ነገር ሆኖ የተገኘባቸው ናቸው። የምርት ቀን ማየትን፣ ከቡና ላይ አለመቅመስን የመሳሰለውን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

አረፋው ወዲያው ይጠፋል፣ ቢራው የሞተ ይመስላል

ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው፤ መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ ብርጭቆው ነው። አረፋውን የሚያቆመው ከብቅሉ የሚመጣው ፕሮቲንና የሆፕስ፣ የፈረንጅ ጌሾ እንበለው፣ መራራ ንጥረ ነገር ነው። ቅባትና የሳሙና ቅሪት ይህንን ያፈርሱታል።

ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሱት። ትንንሽ አረፋዎች ከውስጥ በኩል እንደ ጤዛ ተለጥፈው ከቀሩ ቆሽሿል። ንጹሕ ከሆነ ግን በጠጣችሁ ቁጥር አረፋው ቀለበት እየሠራ ይወርዳል። ቤታችሁ ከሆናችሁ ባዶውን ብርጭቆ አርጥባችሁ ደቃቅ ጨው በትኑበት፤ ጨው ያልያዘው ቦታ ቅባት አለበት።

አንድ ቅዳሜ ስድስት ሆነን ከአንድ በርሜል የተቀዳ ጥቁር ቢራ ቀመስን። የአምስቱ አረፋ ጣት ያህል ቆሟል፤ የእኔ ሳላነሣው ሟሟ። አስተናጋጇን ጠራሁ። «ጋሼ፣ አሁን እኮ ነው የታጠበው!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የታጠበው ግን የማኪያቶ ብርጭቆ በሚታጠብበት ገንዳ፣ በዚያው ስፖንጅ ነበር። ለዚያ ቢራ አራት ልሰጠው ነበር። በሌላ ብርጭቆ ሲመጣልኝ ስምንት አገኘ።

ሌላው ወዳጃችን ደግሞ ጠማቂውን ለወራት ሲያማ ከረመ፤ «አረፋ መሥራት አያውቅም» እያለ። አንድ ቀን ጎኑ ተቀመጥኩ። ክትፎውን ይጎርሳል፣ ቢራውን ያነሣል፣ ይጎርሳል፣ ያነሣል። ንጥር ቅቤው ከንፈሩ ላይ ያብረቀርቃል፤ አረፋው ከንፈሩ ካረፈበት ጠርዝ እየሸሸ ያልቃል። ክትፎ አትብሉ አልልም፤ ነጥብ ስጡና ብሉ።

መፍትሄው፦ ለቢራ ብርጭቆ የተለየ ስፖንጅ ይኑራችሁ። ሳሙናው እስኪለቅ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ። በጨርቅ አታድርቁ፤ የወጥ ቤት ጨርቅ ያጠባችሁትን ቅባት መልሶ ይቀባዋል። አየር በሚያስገባ መደርደሪያ ላይ ድፉት እንጂ ጠፍጣፋ ትሪ ላይ አትድፉት፤ ሽታ ያምቃል። ፍሪዘር ውስጥም አትክተቱት! በረዶው ቢራውን ያቀጥነዋል፤ የሥጋውም ሽታ ይከተለዋል።

ድራፍቱ አረፋ ብቻ ሆኖ ይቀዳል

መብራት ጠፍቶ በርሜሉ ሞቆ ከሆነ መልሶ እስኪቀዘቅዝ ከመጠበቅ በቀር መላ የለውም። ቀዝቃዛ ሆኖም ከቀጠለ የጋዙን ግፊት እዩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቆጣሪው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በባሕር ጠለል ልክ የተሰላ የጋዝ ግፊት ሰንጠረዥ ላይ 1 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) የሚል ከሆነ እዚህ ቆጣሪው 1.25 አካባቢ ማሳየት አለበት። ብዙ ቤት ግን አረፋ ሲበዛ ግፊቱን ይቀንሳሉ። ያን ጊዜ ጋዙ ቱቦው ውስጥ ከቢራው ይለያል፤ አረፋው ይብሳል፤ ማታ ላይ የሚቀዳው ጋዝ የሌለው ቢራ ነው።

የቅቤ ወይም የኮምጣጤ ሽታ

ድራፍት ከሆነ በቅድሚያ ቱቦውን ጠርጥሩ። ቱቦ በየሁለት ሳምንቱ በኬሚካል መታጠብ አለበት። «መቼ ታጠበ?» ስትሉ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ከተያዩ ጠርሙስ እዘዙ።

የሸለምጥማጥ ሽታ

ብርሃን የመታው ቢራ ነው። አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ከብርሃን አይከልልም፤ ቡናማው ይሻላል። መስኮት ላይ ለጌጥ የተደረደረ ጠርሙስ ገዝታችሁ ጠማቂውን አትክሰሱ። መድኃኒት የለውም፤ ከካርቶን ውስጥ የወጣ ጠይቁ።

ሽታም ጣዕምም የለውም

ከልክ በላይ ቀዝቅዟል። ነጣ ያለው ቢራ ከ4 እስከ 7 ዲግሪ፣ ጥቁሩና ጠንካራው 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይናገራል። ብርጭቆውን በመዳፋችሁ አቅፋችሁ ጥቂት ጠብቁ።

እርጥብ ካርቶን ይሸታል

አርጅቷል ወይም ሙቀት አግኝቶታል። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ስድስት ጣሳ አይፒኤ አመጣልኝ፤ የሆፕስ መዓዛው ዋና ነገሩ የሆነ ቢራ ነው። ለልደቴ ብዬ አስቀመጥኩት፣ ያውም ማቀዝቀዣው አናት ላይ፣ ሞተሩ በሚያሞቀው ቦታ። ከአምስት ወር በኋላ ስንከፍተው የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል የተባለው ቢራ የጫማ ካርቶን ሆኗል። አይፒኤ ስጦታ ከመጣላችሁ ወዲያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ክተቱት፤ ልደት አትጠብቁ።

ሲከፈት የሚገነፍል ጠርሙስ

አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ጠርሙስ ውስጥ ዳግም የፈላ ወይም ባክቴሪያ የገባበት ነው። ከዚያው ምርት የቀሩትን አቀዝቅዛችሁ ገንዳ ላይ ክፈቱ፤ ፊታችሁን አርቁ። ነጥብ አትስጡት። በደብተሬ ውስጥ እንዲህ ያለው በስሙ ትይዩ አንድ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው።