ጀሶ ከተፈታ በኋላ የጭን ጡንቻን በክብደት ማጠንከር፦ እንዴት እንደሚሠራ

ቅልጥሙ ተሰብሮ ለሳምንታት በጀሶ የቆየ ሰው፣ ጀሶው ሲፈታ ጭኑ ከስቶ ያገኘዋል። ጡንቻው የሚመለሰው ከለመደው ትንሽ ከበድ ያለ ሥራ ሲሰጠው ነው። ሆኖም ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ክብደት ከስብራቱ በታች ስለሚንጠለጠል አጥንቱን ይጎትታል፤ ስለዚህ ሐኪሙ መግጠሙን በራጅ አይቶ ሳይፈቅድ አይጀምሩ። የጉልበት ጅማት የተጎዳበት ሰው ደግሞ ይህን ያለ ፊዚዮቴራፒስት አይሞክረው።

መጀመሪያ ያለ ክብደት ነው። እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ፣ ፎጣ ጠቅልለው ከጉልበትዎ ሥር ያድርጉ፣ ፎጣውን ወደ ታች ተጭነው 5 ሰከንድ ይቆዩ፤ 10 ጊዜ። ይህ ሳያምም ሲቀልዎት ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን በ2 ሰከንድ ይዘርጉ፣ በ4 ሰከንድ ያውርዱ። ማውረዱን አይቸኩሉበት፤ ግማሹ ሥራ እሱ ነው።

ለክብደቱ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ግማሽ ኪሎ አሸዋ በሱቅ ሚዛን አስለክተው ይጨምሩና በሰፊ ጨርቅ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሰሩት። ቀጭን ገመድ ቆዳ ይቆርጣል።

ልኩን የሚነግርዎት ቁጥሩ ነው። 10 ጊዜ አንስተው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከከበዱ ልክ ነው፤ 15 ከደረሱ ቀሏል፣ ከ8 በፊት ከደከሙ በዝቷል። የአሜሪካ ጦር ሐኪም የነበረው ቶማስ ዴሎርም በ1940ዎቹ የቆሰሉ ወታደሮችን ያሠራው ይህን የ10 ጊዜ ልክ ይዞ ነበር። የእሱ ቅደም ተከተል ዛሬም ይጠቅማል፦ የመጀመሪያው ዙር በልኩ ግማሽ፣ ሁለተኛው በሦስት አራተኛው፣ ሦስተኛው በሙሉው። በየዙሩ መሃል ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይረፉ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ቀን እየዘለሉ ይበቃል። ሙሉውን ክብደት በሁለት ተከታታይ የልምምድ ቀን 12 ጊዜ ካነሱት ከአሥር አንድ እጅ ይጨምሩ፤ ለአንድ ኪሎ 100 ግራም መሆኑ ነው። የአሸዋ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ሲያነሱ ትንፋሽዎን ያውጡ። ትንፋሽ ማፈን የደም ግፊትን በአንድ ጊዜ ያሻቅበዋል። ወደ ኋላ እየተጋደሉ የሚያነሱ ከሆነ ጭኑ ሥራውን ለወገብ ሰጥቷልና ክብደቱን ይቀንሱ።

ጭን ለሁለት ሦስት ቀን ቢዝል አያስጨንቅ። መገጣጠሚያው ከሁለት ሰዓት በላይ ካመመ ወይም በማግስቱ ካበጠ ግን ጉልበቱ እስኪረጋጋ አቁመው በግማሽ ክብደት ይመለሱ። ባትዎ አብጦ ካቃጠለ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ወጌሻም ሆነ ሌላ ሰው አይሸው፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በዚያው ቀን፣ ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።