በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ፈጣን የሞተር ጀልባ መንዳትና መንከባከብ

ፈጣን የሞተር ጀልባ መንዳት የሚማር ሰው አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፣ ጀልባው ፍሬን የሌለው መሆኑንና መሪውም የሚሠራው ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ኋላ እስከ ገፋ ድረስ ብቻ መሆኑን ነው። መኪና የለመደ ሰው ሲደነግጥ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሣል፤ በውሃ ላይ ግን በድንጋጤ ጋዙን ሙሉ በሙሉ የዘጋ ነጂ መሪውን ቢያጠመዝዝም ጀልባው ይመጣበት ወደነበረው አቅጣጫ መንሸራተቱን ይቀጥላል። ከፊቱ ካለ ነገር ለመሸሽ የፈለገ ነጂ ጋዙን ቀነስ አድርጎ፣ ነገር ግን ሞተሩ መግፋቱን ሳያቋርጥ መታጠፍ አለበት። ይህ ልማድ በእጅ ላይ እስኪሰፍር ድረስ በፍጥነት መሄድ አይገባም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ዝግታ ነው። ባዶ ጀሪካን በገመድና በድንጋይ አስሮ ውሃው ላይ ማንሳፈፍ፣ ከዚያም ሞተሩን በዝቅተኛው ዙር እያስኬዱ ጀሪካኑን ሳይነኩ መቅረብ፣ በአጠገቡ መቆም፣ ወደ ኋላ መውጣት፣ ይህንኑም አንድ ጊዜ ነፋሱን ከፊት ለፊት፣ ሌላ ጊዜ ከጎን እየተቀበሉ መደጋገም ከብዙ የቃል ማብራሪያ የበለጠ ያስተምራል። ጀማሪው እዚህ ላይ የሚያስተውለው፣ መሪው ሲዞር በዋናነት የሚንቀሳቀሰው የጀልባው የኋላ ክፍል መሆኑን፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍም ኋላው ወደ ግራ ተወርውሮ በአጠገቡ ያለውን ጀልባ ሊመታ እንደሚችል ነው። ማርሽ የሚቀየረው ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ጀልባው በፍጥነት እየሄደ የኋላ ማርሽ ማስገባት በሞተሩ የታችኛው ክፍል ያሉትን ጥርሶች ሊሰብር ይችላል።

የልምምዱን ሰዓት መምረጥም ማሰብን ይጠይቃል። በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ውሃው የሚረጋው ጠዋት ሲሆን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እየበረታ ማዕበል ያስነሣል፤ ይሁንና ማለዳ አሣ አስጋሪዎች በውሃው ውስጥ ያደረ መረባቸውን አንሥተው ወደ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚመለሱበት ጊዜ ነው። በእኔ አስተያየት አስጋሪዎቹ ከሐይቁ ከወጡ በኋላና የከሰዓቱ ነፋስ ከመነሣቱ በፊት ያለው ረፋድ ከሁሉ የተሻለ ነው። ቦታውም ከአሞራ ገደልና ከፍቅር ሐይቅ ዳርቻ፣ ጉማሬዎች ከሚውሉበት ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ እንዲሁም ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት ረግረጋማ አካባቢ የራቀ ይሁን። ቁልፉ ከመዞሩ በፊት የተሳፈረው ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ፣ ነጂውም የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ከሰውነቱ ጋር ማያያዝ አለበት። ነጂው ከመቀመጫው ቢወረወር ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋል፤ ካልታሰረ ግን ያለ ነጂ የቀረው ጀልባ ክብ እየሠራ ተመልሶ በውሃ ውስጥ ያለውን ሰው በፕሮፔለሩ ሊመታው ይችላል።

ከዝግታው በኋላ የሚመጣው ጀልባው ከውሃው ወጣ ብሎ በላዩ ላይ መንሸራተት የሚጀምርበት ደረጃ ነው። እዚህ ላይ ዋናው መሣሪያ ባለሙያዎች ትሪም የሚሉት፣ ሞተሩን ወደ ጀልባው የሚያስጠጋው ወይም የሚያርቀው መቆጣጠሪያ ነው። ሲነሡ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ጀልባው ይጠጋል፤ ይህም አፍንጫው ወደ ሰማይ እንዳይቀናና ነጂው ከፊቱ ያለውን ማየት እንዳይሳነው ይረዳል። ጀልባው ከተንሸራተተ በኋላ ሞተሩ ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ ሲወጣ ውሃውን የሚነካው የጀልባው ሆድ ስለሚያንስ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ መሪውም ይቀላል። ልኩን ያለፈ እንደሆነ አፍንጫው ከፍ ዝቅ እያለ መዝለል ይጀምራል፤ መድኃኒቱ ሞተሩን በትንሹ መልሶ ማስጠጋት ነው። ጀልባው ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ከአንዱ ጎኑ ወደ ሌላው መውደቅ ከጀመረ ግን ጉዳዩ ከዚህ የከበደ ነውና፣ ጀማሪ ነጂ በመሪው ሊያርመው ሳይሞክር ጋዙን ቀስ አድርጎ መቀነስ ይኖርበታል። ጋዙን በአንዴ መዝጋት አፍንጫውን ውሃ ውስጥ ይተክላል፣ ከኋላ የሚከተለውን ማዕበልም በጀልባው ላይ ያመጣል።

ኃይለኛ መታጠፊያ ከመግባቱ በፊት ነጂው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሞተሩን ያስጠጋል፣ ዙሪያውን ያያል፣ የተሳፈሩትም እንዲይዙ ይነግራቸዋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ በአንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ለሦስት ሰከንድ ስልኩን ያየ ነጂ 66 ሜትር ሳያይ አልፏል ማለት ነው፤ በውሃው ደረጃ ዝቅ ብላ የተቀመጠች የአስጋሪ ጀልባ ደግሞ በማዕበል መካከል ከሩቅ አትለይም። ሁለት የሞተር ጀልባዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ፤ መንገድ ሲያቋርጡ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው ቅድሚያ ይሰጣል፤ የሚቀድም ሁልጊዜ ራሱ ይርቃል። በመቅዘፊያ ለሚሄድና መረብ ለዘረጋ ሰው ግን በሩቁ ፍጥነትን ቀንሶ ሰፊ ቦታ መተው ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም ከፈጣን ጀልባ የሚነሣው ማዕበል ብቻውን ትንሽዋን ጀልባ ሊገለብጣት ይችላል።

አብዛኛው የውጭ አገር መመሪያ የተጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ለሚነዳ ሰው ስለሆነ ለሐዋሳ ነጂ አንድ ትልቅ ጉዳይ ሳይነግረው ያልፋል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,690 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ አየር ጨምቆ የሚያስገባለት ተርቦቻርጀር የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 150 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር እዚህ የሚሰጠው 125 አካባቢ ነው ማለት ነው። በዘመናዊ ሞተር ኮምፒውተሩ ነዳጁን ከአየሩ ጋር ያመጣጥናል እንጂ የጠፋውን ጉልበት አይመልስም፤ በካርቡሬተር የሚሠራ አሮጌ ሞተር ደግሞ ነዳጅ እየበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል፣ ለከፍታው የሚስማማ የነዳጅ ቀዳዳም ይፈልጋል። ትክክለኛው መፍትሔ ያለው ፕሮፔለሩ ላይ ነው። ፒች የሚባለው ፕሮፔለሩ ሳይንሸራተት ቢሄድ በአንድ ሙሉ ዙር የሚጓዘው ርቀት ሲሆን፣ አንድ ኢንች ሲቀነስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። አምራቹ በሙሉ ጋዝ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር እንዲደርስ ያዘዘው ሞተር በ21 ኢንች ፕሮፔለር 4,800 ላይ ከቀረ፣ ባለ 17 ኢንች ወደ 5,500 ገደማ ያደርሰዋል። ዙሩ ሳይሞላ በሙሉ ጋዝ የሚነዳ ሞተር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ስለሚሠራ ዕድሜው ያጥራል፤ ለዚህም ነው ፕሮፔለሩ ከሌላው ጌጥ ሁሉ በፊት ገንዘብ ሊወጣበት ይገባል የምለው። ጀልባው ከሐዋሳ ዝቅ ወዳለው ወደ አባያ ከተወሰደ ግን ዙሩ ከተፈቀደው እንዳያልፍ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

የጥገናውም ሥራ የሚጀምረው ከዚያው ከፕሮፔለሩ ነው። የተቆረጠ የመረብ ናይለን ከፕሮፔለሩ በስተጀርባ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ፣ ዘይቱን ከውሃው የሚለየውን ጎማ እየቆረጠ ይገባል፣ ከውጭም አይታይም። ስለዚህ መረብ በበዛበት ሐይቅ ላይ የሚነዳ ሰው ቁልፉን ነቅሎ ፕሮፔለሩን በየጊዜው ማውጣት፣ ዘንጉን ማጽዳትና አዲስ ግሪስ ቀብቶ መመለስ አለበት። ጎማው መጎዳቱን የሚናገረው የታችኛው ክፍል ዘይት ነው፤ የታችኛው ብሎን ላላ ተደርጎ የሚወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷልና ጀልባው ሳይጠገን አይነዳም። ይህ ዘይት በ100 ሰዓት ሥራ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጣል፤ አዲሱም አየር በውስጡ እንዳይታፈን በታችኛው ቀዳዳ እየተገፋ፣ በላይኛው እስኪወጣ ድረስ ይሞላል።

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የሐይቁ ውሃ ሲሆን፣ ውሃውን የሚስበው ትንሽ የጎማ መዘውር ነው። ሞተሩ ሲነሣ ከጎኑ የሚፈሰው ቀጭን ውሃ ከደከመ ወይም ከቆመ መግቢያውን ሣር ወይም ደለል ዘግቶታል፣ ወይም ጎማው አልቋል ማለት ነውና ወዲያውኑ ማጥፋት ይገባል። ሞተርን ያለ ውሃ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ማስነሣት ይህን ጎማ ያቃጥለዋል። መለዋወጫ በፈለጉት ቀን ስለማይገኝ አንድ ትርፍ መዘውር፣ ካንዴላዎችና የነዳጅ ፊልትሮ ምንጊዜም በእጅ መኖር አለባቸው፤ በተለይ ቤንዚን ከበርሜል የሚቀዳ ከሆነ ውሃን ከነዳጅ የሚለየው ፊልትሮ የግድ ነው። ሞተሩ በጀልባው ሆድ ውስጥ ከሆነ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ይጠራቀማል፤ ከማስነሣት በፊት ማራገቢያው ቢያንስ 4 ደቂቃ መሥራት ይኖርበታል።

የሐዋሳ ሐይቅ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የፈሰሰበት ዘይት ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም። ስለሆነም ዘይት የሚቀየረው ጀልባው ከውሃ ወጥቶ በጋሪው ላይ ሳለ ነው፤ አሮጌው ዘይትም በሚከደን ጀሪካን ይጠራቀማል። ጀልባው ለብዙ ጊዜ የሚቆም ከሆነ ባትሪው ተነቅሎ በየወሩ ይሞላል፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ውሃው እንዲወርድ ይደረጋል፣ ከኋላ ያለው የውሃ ማፍሰሻ ክዳንም ይከፈታል። ያ ክዳን መልሶ መታሰሩ ጀልባው ወደ ሐይቁ ከመገፋቱ በፊት በእጅ ተነክቶ ይረጋገጣል።