ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፦ የሞተር ሳይክል ነዳጅ የሚያስበሉ ስህተቶች

አንድ ወዳጄ አለ። ሥራው ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት ያመላልሰዋል። ባለፈው ክረምት ሞተሩን ሊሸጥ ተነሳ። "ምን ሆነህ ነው?" ስለው "ነዳጅ ጨረሰኝ" አለ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካርቡሬተሩን፣ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ አስከፍቷል። ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላም ቀይሯል። "በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄድልሃል?" አልኩት። "እኔ እንጃ፣ ብቻ የ500 ብር ቤንዚን እንደ ድሮው አያደርሰኝም።" የቤንዚን ዋጋ በዚያው ሰሞን ጨምሮ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ለተቸገሩ ነው። በእኛ አካባቢ የሚነዳ ሰው በአንድ ጠዋት ከውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት ይወርዳል። ሜዳ ላይ ለሚነዳ የተጻፈ ምክር ሁሉ ለእኛ አይሆንም።

ነዳጅን በብር መለካት

ከሁሉም በፊት መታረም ያለበት ይሄ ነው። ብር ዋጋውን እንጂ የሞተሩን ሁኔታ አይነግራችሁም። የታንኩ ጌጅም ብዙ አያስተማምንም። ዳገት ላይ አንድ ነገር ያሳያል፣ ሜዳ ላይ ሌላ።

አለካኩ ቀላል ነው። ማደያ ገብታችሁ ታንኩን እስከ አንገቱ አስሞሉ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ሄዳችሁ ስትመለሱ እዚያው ማደያ ግቡ። ሞተሩን በመሃል መቆሚያው ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና እንደ መጀመሪያው እስከ አንገቱ አስሞሉ። አሁን የገባው ሊትር የበላው ነው። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ደርሶ መልስ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 4.5 ሊትር ከገባ፣ በሊትር 42 ኪሎ ሜትር ሄዳችኋል ማለት ነው።

የአንድ አቅጣጫ ልኬት ግን ያሳስታል። ሲወርድ ለክቶ "ሞተሬ አሪፍ ነው" የሚል አለ። ሲወጣ ለክቶ ጋራዥ የሚሮጥም አለ። ሞተሩ ያው ነው፣ መንገዱ ነው የተለየው። ደርሶ መልሱን አንድ ላይ ያዙት። ሦስት ጊዜ ያህል ሳትለኩ ምንም ነገር አታስከፍቱ።

በየከተማው ካርቡሬተር ማስነካት

ይሄኛው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነው።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በሁለቱ መሃል ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር አካባቢ። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ያለ አየር ቤንዚን ማንደድ አይችልም። 1 ኪሎ ቤንዚን በትክክል እንዲነድ 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልገዋል። ካርቡሬተር አየሩን አይመዝንም። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ደጋ ላይ ቅልቅሉ ነዳጅ ይበዛበታል። ጉልበትም ይቀንሳል። ነጂው ጉልበት ሲያጣ እጀታውን ይበልጥ ይጠመዝዛል፤ ፍጆታው በሁለት በኩል ይጨምራል።

ወዳጄ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን ያለው መካኒክ ጥቁር ጭሱን አይቶ ነዳጁን ቀነሰለት። ደጋው ላይ ጥሩ ሄደ። ሸዋ ሮቢት ሲወርድ አየሩ ወፈረ፣ ቅልቅሉ ነዳጅ አነሰው። በዚያ ሙቀት ሞተሩ ጋለና መንተክተክ ጀመረ። እዚያ ያለው መካኒክ "ጋሼ፣ ነዳጅ አንሶታል" ብሎ ጨመረለት። ደጋ ሲመለስ ጭሱ ተመለሰ። ሁለቱም መካኒኮች ቆመው ባዩት መሠረት ልክ ነበሩ። የተሳሳተው ሌላኛው ከተማ መኖሩን ያልነገራቸው እሱ ነው።

የምትኖሩትም የምትነዱትም ደጋ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከደብረ ብርሃን መሃል ሜዳ፣ ለዚያ ከፍታ ማስተካከል ተገቢ ነው። ደጋና ቆላ የምትመላለሱ ከሆነ ግን ፋብሪካው ባስቀመጠው ልክ ተዉት። ደጋው ላይ ትንሽ ቤንዚን ቢባክን ይሻላል። ነዳጅ አንሶት የጋለ ሞተር ፒስተን ያበላሻል፤ ያ ደግሞ ከብዙ ታንክ ቤንዚን ይበልጣል። ኢንጀክሽን የሆኑት፣ ማለትም በካርቡሬተር ፈንታ ነዳጁን በኤሌክትሮኒክ የሚረጩት ሞተሮች፣ አየሩን በሴንሰር ለክተው ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ እነሱን ባትነኩ ይመረጣል።

ጥርጣሬ ካላችሁ ረዘም ካለ ጉዞ በኋላ ሞተሩ ሲበርድ ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን እዩ። የደብረ ሲና ቆሎ መልክ፣ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ምጣድ ቂጥ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ አንሶታል፤ ያኔ ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩት።

ካርቡሬተር ከማስከፈታችሁ በፊት ግን የአየር ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ እዩ። የመንዝ ኮረኮንች አቧራ ፊልትሮ ሲደፍን አየር ይታፈናል፣ ነዳጅ ይበዛል፣ ምልክቱም ያው ጥቁር ጭስ ነው። የስፖንጁ ዓይነት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። የወረቀቱ አይታጠብም፣ ይለወጣል።

ዳገቱን በጉልበት ማሸነፍ

ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ድረስ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ትወጣላችሁ። ይህን ያህል ከፍታ መውጣት በራሱ ነዳጅ ይጠይቃል። ሞተሩና ነጂው አንድ ላይ 190 ኪሎ ቢሆኑ፣ ለመውጣቱ ብቻ ግማሽ ሊትር ያህል ተጨማሪ ቤንዚን እንደሚሄድ አስልቼዋለሁ። በላዩ ላይ 50 ኪሎ ጤፍ ስትጭኑ ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ ይጨመራል። ይህን የሚያስቀር ብልሃት የለም። ማስቀረት የምትችሉት በላዩ የምትጨምሩትን ብክነት ነው።

ብክነቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በአምስተኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ መውጣት ነው። ማርሽ አለመቀነስ ነዳጅ የሚቆጥብ ይመስላል። ሞተሩ ግን በዝቅተኛ ዙር ሙሉ ነዳጅ ሲለቀቅበት አይሸከመውም። ሌላው በሁለተኛ ማርሽ እያስጮኹ መውጣት ነው። ድምፁን ስሙት። ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይጮህ፣ እጀታው ግማሽ አካባቢ ሆኖ የሚሄድበት ማርሽ አለ። ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ነው። ኩርባው ከመድረሱ በፊት ማርሽ ቀንሱ፤ ከቆመ በኋላ እንደገና ማስነሳት ነው የሚበላው።

ቁልቁለቱን በፎሌ መውረድ

እባካችሁ ይህን፣ ማርሽ ሳይያዝ መንሸራተቱን፣ ተዉት። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቦረቦረው የጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ፣ ሞተር አጥፍቶ ወይም ፎሌ አድርጎ ደብረ ሲና ድረስ የሚንሸራተት ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ጉም አለ። ከባድ መኪና አለ። በግ ድንገት ይሻገራል። ፎሌ ላይ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ነው፤ የፍሬን ሸራው ይግልና መያዝ ያቆማል። የኋላ ፍሬኔ እግሬ ሥር ሲላላ አንድ ጊዜ ተሰምቶኝ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ በፎሌ ወርጄ አላውቅም።

ትርፉስ? ኢንጀክሽን ያለው ሞተር በማርሽ ተይዞ፣ እጀታው ተዘግቶ ሲወርድ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋል። ፎሌ ላይ ግን እንዳይጠፋ በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙር፣ ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ ፎሌ ይብሳል። በካርቡሬተር ሞተር ልዩነቱ ጥቂት ጠብታ ነው። ለእሷ ሲባል ነፍስ አይሰጥም። በሦስተኛ ያዙት፣ እጀታውን ዝጉ፣ ይውረድ።

ነፋስንና ጋቢን መርሳት

የአየር ግፊት በፍጥነት ልክ አይጨምርም፤ ይብሳል። ከ60 ወደ 80 ስትሉ ፍጥነቱ በአንድ ሦስተኛ ሲጨምር የአየሩ ግፊት 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስም ይቆጠራል። በ60 እየሄዳችሁ የ20 ነፋስ ከፊት ከመጣ፣ የሚገፋችሁ አየር የ80 ነው። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ የሚነሳውን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ያኔ ፍጥነት መቀነስ፣ ወይም ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ መንገድ መጀመር ነው።

ብርዱን ስለማውቅ አትልበሱ አልልም። ግን ጋቢውን ወይም በርኖሱን ከላይ ጣል አድርጎ መንዳት እንደ ድንኳን ሸራ አየር ያስይዛል። ጫፉ ሰንሰለት ውስጥ ከገባ ደግሞ ነጂውን ጎትቶ ይጥላል። ከውስጥ ልበሱት፣ ከላይ የሚጠብቅ ጃኬት ዝጉበት። በጎን የተንጠለጠለ ጆንያም እንዲሁ ነው፤ ከኋላችሁ ቀጥ ብሎ ቢታሰር አየሩን በሰውነታችሁ ትከልሉታላችሁ።

ቾክ ሳይመልሱ መሄድ

የኅዳር ውርጭ ያለበት ጠዋት የካርቡሬተር ሞተር ቾክ፣ አየሩን ቀንሶ ነዳጅ የሚያበዛው ማንሻ፣ ሳይሳብ አይነሳም። ስህተቱ አለመመለሱ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጫጫ ሲደርስ ትዝ የሚለው አለ። እስከዚያ ድረስ ሆን ብሎ ነዳጅ ያበዛ ሞተር ነው የነዳው። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ መልሱት፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ እየሄደ ይሞቃል። አስነስቶ ትቶ ቁርስ መብላትም ያው ማባከን ነው።

ጎማ፣ ሰንሰለት፣ ፍሬን

እነዚህ ቶሎ ይታያሉ። ጎማ በጣት ተጭኖ አይታወቅም፤ ጎሚስታ ጋር ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። ብዙ 150 ሲሲ ሞተሮች የፊቱን 25፣ የኋላውን ለብቻ 28፣ ሰው ሲጫን 32 ፒኤስአይ አካባቢ ይፈልጋሉ። የእናንተን ልክ ከመመሪያው እዩ። ሰንሰለቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል መላላት አለበት። ክረምት ላይ ጭቃው ሲደርቅበት ታጥቦ ዘይት ይቀባ።

ፍሬን ግን ማንም አይጠረጥረውም። በመሃል መቆሚያው አቁሙና ማርሹን ፎሌ አድርጋችሁ የኋላውን ጎማ በእጃችሁ አሽከርክሩ። ሁለት ሦስት ዙር በነጻነት ካልዞረ፣ ሽሽሽ እያለ ቶሎ ከቆመ፣ ፍሬኑ እየያዘ ነው። ቀኑን ሙሉ ፍሬን ይዛችሁ ስትነዱ ከርማችኋል ማለት ነው። የወዳጄም ሞተር ይህ ነበረበት። ካርቡሬተሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ፣ የኋላ ፍሬኑ ላላ፣ ከዚያ ለካን።

የሃይላንድ ቤንዚን

ማደያ ባዶ ሲሆን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ መግዛት ይመጣል። ችግሩ ይገባኛል፣ እኔም ገዝቻለሁ። ግን የላስቲኩ መጠን ሊትር ያልሞላ ሊሆን ስለሚችል በዚያ ቤንዚን የለካችሁትን ፍጆታ አትመኑ። ነጭ ጋዝ ወይም ውኃ የተቀላቀለበት ከሆነ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጉልበት ያጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ላስቲኩን ወደ ፀሐይ አንሱና ሥሩን እዩ። ውኃ ካለ ከታች ለብቻው ተለይቶ ይቀመጣል። አንዴ ከገባ ደግሞ በካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጋችሁ በጠርሙስ ክዳን ተቀበሉ፤ ንጹሕ ቤንዚን እስኪመጣ ድረስ አፍስሱት።