ሴቶችን የማያገልል አማርኛ እንዴት እንጻፍ?

የሥራ ማስታወቂያ፣ የመተዳደሪያ ደንብ ወይም የፈተና መመሪያ የሚያዘጋጁ ሰዎች ረቂቃቸውን ሲጨርሱ አስቀድመው ሊመረምሩ የሚገባው ግሦቹን ነው። አማርኛ በሁለተኛውና በሦስተኛው መደብ ነጠላ ቁጥር ወንድን ከሴት ስለሚለይ፣ «አመልካቹ ማስረጃውን ይዞ መቅረብ አለበት» ሲባል በአንባቢ ዐይነ ሕሊና የሚመጣው ወንድ ነው። እርግጥ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 7፣ በራሱ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ በወንድ ፆታ የተደነገገው የሴትንም ፆታ እንደሚያካትት ይገልጻል። ይህ ለሕግ አተረጓጎም ይበቃል፤ ማስታወቂያውን አንብባ «የሚፈልጉት ወንድ ነው» ብላ ለምትመለስ ወጣት ግን አይበቃም። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ የብዙ ቁጥርና የአክብሮት አነጋገር ፆታ ስለማይለዩ «አመልካቾች ማስረጃቸውን ይዘው መቅረብ አለባቸው»፣ በ«ምረጥ» ፈንታም «ምረጡ» ወይም «ይምረጡ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። በየግሡ «አለበት/አለባት» እያሉ መደርደርን አልመክርም፤ ንባቡን ያደናቅፋል፣ ሴቷንም ኋላ የታከለች ያስመስላታል።

«አቶ» ስለ ትዳር አይናገርም፤ «ወይዘሮ» እና «ወይዘሪት» ግን ይናገራሉ። ጉዳዩ ትዳርን የማይመለከት ከሆነ ባለጉዳይዋን በሙያ ማዕረጓ ወይም በሙሉ ስሟ ብቻ መጥራት ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ምስጋና ነው። ደፋር ሴት «ወንድ ናት» ስትባል ተናጋሪው ያከበራት ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ድፍረቷን ከእርሷ ወስዶ ለወንድ መስጠት ነው። ወንድሟ ሲያለቅስ «እንደ ሴት አትነፋረቅ» ተብሎ ሲገሠጽ የምትሰማ ልጅ፣ ሴትነት የድክመት መለኪያ መሆኑን ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምራት ትቀበላለች፤ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል ሲጨመርበት ደግሞ የገዛ ዕውቀቷን መጠራጠር ትጀምራለች። ስለዚህ የሚመሰገነውን ጠባይ በስሙ መጥራት ይገባል፦ «ደፋር ናት»፣ «ቆራጥ ናት»።

ሆኖም ፆታን መሸሸግ ሁልጊዜ ተገቢ አይደለም፤ ስለ ጥቃት ሲጻፍ በተለይ ጉዳት አለው። «ተደፈረች» የሚለው ግሥ ብቻውን ሲቆም አድራጊውን ከዓረፍተ ነገሩ ያወጣዋል፤ «ክብሯን አጣች» የሚለው ደግሞ ነውሩን ወደ ተጎጂዋ ያዞራል። ፍርድ ከተሰጠ «ደፈራት» ተብሎ ይጻፍ፤ ጉዳዩ ገና በምርመራ ላይ ከሆነም «አስገድዶ በመድፈር ወንጀል የተጠረጠረው ግለሰብ ተያዘ» በማለት የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ተጠርጣሪው እንዲሆን ይደረግ።