ፀሐይ ስትፈነዳ ራዲዮና ጂፒኤስ ለምን ያስቸግራሉ?

መሣሪያው ሲያስቸግራችሁ መጀመሪያ ሰዓታችሁን እዩ። ቀን ነው ወይስ ማታ? የምርመራው ግማሽ እዚህ ላይ ያልቃል።

ቀን ላይ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ድንገት ጭጭ አለ

ጣቢያው ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። በደቂቃዎች ውስጥ ድምፁ ሰጠመ፤ አጠገቡ ያሉት ጣቢያዎችም አብረው ጠፉ። ኤፍኤሙ ግን ደህና ነው።

መንስኤ፦ የፀሐይ ፍንዳታን ጠርጥሩ። የፍንዳታው ኤክስሬይ በ8 ደቂቃ ገደማ ምድር ይደርስና ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የአየር ንብርብር በኤሌክትሮን ይሞላዋል። አጭር ሞገድ ከላይ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ይህን ንብርብር አቋርጦ ነው፤ ያኔ ንብርብሩ ሞገዱን ይውጠዋል። ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ኤክስ 5.1 የተባለው ፍንዳታ (ኤክስ የኃይለኞቹ ፍንዳታዎች ደረጃ ነው) ጣሪያ የነካው በኢትዮጵያ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ስለነበር፣ አፍሪካና አውሮፓ ፊት ለፊት አገኛቸው።

መፍትሄ፦ ራዲዮውን አትፍቱት፣ አንቴናውንም አትነካኩ። ጣቢያው በሌላ ሜትር ባንድ የሚተላለፍ ከሆነ ከ31 ወደ 19 ወይም 16 ሜትር ሂዱ። ሜትሩ ሲያንስ ፍሪኩዌንሲው ይጨምራል፤ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ቀድሞ ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይም ይመለሳል። አማራጭ ከሌለ ጠብቁ፤ ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው። ምሽት ላይ ከጠፋባችሁ ግን ፍንዳታውን አትጠርጥሩ፤ ኤክስሬዩ የሚያገኘው ፀሐይ ያረፈበትን የምድር ገጽ ብቻ ነው።

ከመሸ በኋላ ጂፒኤሱ አልረጋ አለ

ስልክ ላይ ነጥቡ ከመንገድ ይወጣል። ቀያሾች ዘንድ ደግሞ ሪሲቨሩ ከ«ፊክስ» (በሴንቲ ሜትር ከሚለካ ትክክለኛነት) ወደ «ፍሎት» (ወዳልረጋ ግምት) ይወርዳል።

መንስኤ፦ የመግነጢሳዊ መስኩ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል። በዚህ ቀበቶ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው አየር) ውስጥ ኤሌክትሮን የሳሳባቸው አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ የሳተላይቱ ሲግናል በእነሱ ሲያልፍ ይርገበገባል። ፀሐይ በነቃችባቸው ዓመታት፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ይብሳል። ፍንዳታም ሆነ ቀጥሎ የምናየው መግነጢሳዊ ማዕበል በሌለበት ምሽትም ይከሰታል።

መፍትሄ፦ ልኬቱን ቀን ላይ ሥሩ። ከአንድ በላይ ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል፣ ከጂፒኤስ ሌላ የአውሮፓውን ጋሊልዮንና ሌሎች ሳተላይቶችንም የሚያነብ ሪሲቨር የተሻለ ይቋቋማል። ሥራ ስትጀምሩና ስትጨርሱ የታወቀ ነጥብ ለኩ። ካልገጠመ የማታውን ዳታ በአማካይ ለማስተካከል አትሞክሩ፤ በማግስቱ ድገሙት።

ቀኑንም ሌሊቱንም ሁሉም ነገር ተረበሸ

ይህ መግነጢሳዊ ማዕበል ነው። ከፀሐይ የተወረወረ የፕላዝማ ደመና አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ተጉዞ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ይመታል። የግንቦት 2016 ዓ.ም. ማዕበል ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጀመሪያው ጂ5 (የማዕበል ከፍተኛው ደረጃ) ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ በዘር ወቅት በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮችን አስቁሟል። የአሜሪካው የአየር ሁኔታ ተቋም ኖኣ በነፃ የሚለጥፈውን የኬፒ ቁጥር (የማዕበሉን ብርታት ከ0 እስከ 9 የሚለካውን) እዩ፤ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትክክለኛነት የሚጠይቀውን ሥራ አስተላልፉ። የራዲዮው ምክርም እዚህ ይገለበጣል፦ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ መውረድ ነው።

ኔትወርክ ወይም መብራት ጠፋ

ፀሐይን ተዉአት። ሞባይል ከታወር ወደ ስልክ ነው፤ አዮኖስፌር አያስፈልገውም። በ1989 እ.ኤ.አ. ማዕበል ካናዳ ኩቤክን ለ9 ሰዓት ያህል አጨልሟል፤ እሱ ግን ወደ ዋልታው የቀረበ አገር ነው። እኛ ጋ ትራንስፎርመሩ ይታይ። «ዛሬ ሌሊት ጨረር ያልፋል፣ ስልክ አጥፉ» የሚለውን የቴሌግራም መልእክት ደግሞ ለማንም አታስተላልፉ።